«ኦራ ፕሮ ኖቢስ»፦ ትርጉሙና አባባሉ

«ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲባል እየሰማ ላደገ የባሕር ዳር ሰው ይህ የላቲን ልመና እንግዳ አይደለም። «ኦራ» ጸልይ ወይም ጸልዪ፣ «ፕሮ» ስለ፣ «ኖቢስ» እኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1622 ጎርጎራ ያረፈው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓዬዝና ባልንጀሮቹ ላቲኑን እስከ ጣና ዳር አድርሰውት ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር አካባቢ ካቶሊኮች የሚቀድሱት በግእዝ ሥርዓት ስለሆነ ቃሉን የሚያገኙት ይበልጥ በመዝሙር፣ በሜዳሊያ ጽሑፍና በውጭ እንግዶች አፍ ነው።

መጀመሪያ የሚለመነው ማን እንደሆነ ይለዩ። ግእዙ ለእመቤታችን «ሰአሊ»፣ ለሚካኤል «ሰአል»፣ ለብዙዎች «ሰአሉ» ይላል። ላቲኑ ግን ለወንድም ለሴትም «ኦራ» ነው፤ ጾታው የሚታወቀው «ሳንክታ ማሪያ»፣ «ሳንክቴ ሚካኤል» በሚለው መጠሪያ ነው። ብዙ ከሆኑ «ኦራቴ ፕሮ ኖቢስ» ይባላል። ለእግዚአብሔር ግን በፍጹም አይባልም፤ ለእሱ «ሚሴሬሬ ኖቢስ»፣ ማረን፣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅዱሳን ሊጣንያ ላይ ነው። መሪው ስም ይጠራል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ለሥላሴ «ሚሴሬሬ» ተብሎ ይጀመርና ከማርያም ጀምሮ «ኦራ» ይሆናል፤ አፍ ከለመደ በኋላ መጨረሻ ላይ «አኙስ ዴዪ»፣ የእግዚአብሔር በግ፣ ሲመጣም «ኦራ» የሚል አይጠፋም። እዚያ ሦስት መልስ አለ፦ «ፓርቼ ኖቢስ ዶሚኔ» (ጌታ ሆይ ራራልን)፣ «ኤግዛውዲ ኖስ ዶሚኔ» (ጌታ ሆይ ስማን)፣ «ሚሴሬሬ ኖቢስ»።

ንባቡ ላልቶ ይሁን፤ «ቢ» አይጠብቅም። ድምፅ የሚረገጠው ከመጨረሻው በፊት ባለው ፊደል ነው፦ «ኦ»፣ «ኖ»፣ በ«ኦራቴ» «ራ»። «ዶሚኔ» ግን «ዶ» ላይ ይረገጣል። በ«አቬ ማሪያ» ውስጥ «ኦራ ፕሮ ኖቢስ ፔካቶሪቡስ» ሲባል ደግሞ «ካ» ይጠብቃል፤ ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞቹ ማለት ስለሆነ «ኖቢስ» ላይ ትንፋሽ መውሰድ ሐረጉን ይሰብረዋል።

ለራስ ሲሆን «ፕሮ ሜ»፤ ለሚያጣጥር ሰው ሲጸለይ ለወንድ «ፕሮ ኤዮ»፣ ለሴት «ፕሮ ኤያ»።

ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የሚያስጎበኝ ሰው «ሰአሊ ለነ»ን ለጣሊያን እንግዳ ለማስረዳት ይህችን ሐረግ ቢጠቅስ ከረጅም ማብራሪያ ትሻላለች። ስም ሲጠሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ጴጥሮስ «ፔትሩስ» ቢሆንም ሲለመን «ሳንክቴ ፔትሬ»፣ ጊዮርጊስም «ጄኦርጂዩስ» ሳይሆን «ሳንክቴ ጄኦርጂ» ነው።