ከርከዴው ለምን ቀጠነ? በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዘፍ ሻይ፣ ችግርና መፍትሄ

ሱዳኖች ከርከዴን፣ ማለትም ደርቆ እንደ ሻይ የሚጠጣውን ቀይ የአበባ ክፍል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ይጠጣሉ። ናና፣ ጠጅ ሳር፣ ዝንጅብልና ፍራፍሬም እንዲሁ ይሆናሉ። እሳት የለም፣ ስለዚህ የእሳቱን ሥራ ጊዜና ንጽሕና መሥራት አለባቸው። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጡት ከዚህ ነው።

ቀጠነ፣ ውሃ ውሃ አለ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መቸኮል ነው። የፈላ ውሃ በ5 ደቂቃ የሚያወጣውን ጣዕም ቀዝቃዛ ውሃ ለማውጣት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ጠዋት አጥልሉት። ለ1 ሊትር ውሃ ከ15 እስከ 20 ግራም ደረቅ ከርከዴ፣ ማለትም አንድ ጥሩ እፍኝ፣ ይበቃል። በበረዶ የምትጠጡት ከሆነ ትንሽ ጨምሩበት፤ በረዶው ሲቀልጥ ያቀጥነዋል።

ቅመሙ ካልተሰማችሁ ደግሞ ሙሉውን ከታችሁት ይሆናል። ቀረፋው ይሰባበር፣ ዝንጅብሉ ይፈግፈግ። ቅርንፉድ ግን 2 ወይም 3 ፍሬ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይውጠዋል።

መረረ

ሎሚ ወይም ብርቱካን ከነልጣጩ ቆርጣችሁ አሳድራችሁታል? መራራው ያለው ከልጣጩ ሥር ባለው ነጩ ክፍልና በዘሩ ውስጥ ነው። እኔም ለእንግዳ ብዬ አንድ ጆግ ሙሉ እንዲህ አበላሽቻለሁ፤ ስኳር ጨምሬ ላድነው ብሞክር ምሬቱ አልሸፈን አለ። አሁን የምሠራው እንዲህ ነው፦ ጭማቂውን ስጠጣው እጨምቅበታለሁ፣ ለሽታው ደግሞ ከላይ ያለውን ቢጫ ቅርፊት ብቻ በስሱ ልጬ እከታለሁ። ጤና አዳምም ካደረ ይመራል። አንዲት ትንሽ ቅንጣቢ ለ1 ሰዓት ያህል ነክራችሁ አውጡ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጨርሶ ትተወው።

አረፋ ያዘ፣ ኮመጠጠ፣ ሽታው ተለወጠ

ይሄኛውን በቁም ነገር ያዙት። ፍራፍሬ ስኳር አለው፣ ልጣጩ ላይ ደግሞ እርሾ አለ። ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ መብላላት ይጀምራል። ጀርሙን የሚገድለው መፍላቱ ነበር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ምንም አይገድልም። ስለዚህ ድፉት፤ አፍልቼ ላድነው አትበሉ።

ለሚቀጥለው አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁትን ውሃ ተጠቀሙ። ቅጠሉንም ፍራፍሬውንም በደንብ እጠቡ። ዘፍዝፋችሁ ወዲያው ፍሪጅ አስገቡ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ሳይቆይ አጥልላችሁ በ2 ቀን ውስጥ ጨርሱት። ጆጉን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ መዘፍዘፍን አልመክርም፤ ለብ ያለ ውሃ ለጀርም ይመቻል። ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ ካለ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ሠርታችሁ ብታቀዘቅዙት ይሻላል።

ስኳሩ ታች ዘቀጠ

በቀዝቃዛ ውሃ ስኳር ቶሎ አይሟሟም። እኩል ስኳርና ውሃ አሙቃችሁ ሽሮፕ ሥሩ፣ ሲቀዘቅዝ ጨምሩ። ማርም ቀድሞ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ ይበጥበጥ።

የከርከዴው ቀለም ወደ ሐምራዊ ሄደ

አልተበላሸም። የከርከዴ ቀለም ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ሲያገኝ ይጠቁራል። ሎሚ ጠብ አድርጉበትና እዩት፣ ቀዩ ይመለሳል።

የሽንኩርት ወይም የብረት ጣዕም አለው

ክዳን የሌለው ጆግ የፍሪጁን ሽታ ይስባል፣ ክደኑት። የብረት ጣዕም ከሆነ ግን ዕቃውን እዩ። ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ ከአልሙኒየም ጋር አይስማማም። የብርጭቆ ጆግ ተጠቀሙ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አዘውትራችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።