ታንክ የለም፣ ሂለር የለም፦ ተጫዋች ሲሳሳ ክላስን መልሶ መሥራት

የኦንላይን ሚና ጨዋታ ሰው እያጣ ሲሄድ ሠሪዎቹ ቶሎ የሚመጣላቸው መላ አዲስ ክላስ (ተጫዋቹ መርጦ የሚይዘው የተዋጊ ዓይነት) መጨመር ነው። ማስታወቂያው ያምራል፣ የሄዱት ለሳምንት ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ነገሩ ከበፊቱ ይብሳል። ሰው ሲሳሳ ቀድሞ የሚፈርሰው ቡድን ነው፤ አዲስ ክላስ ደግሞ የቀሩትን ጥቂቶች የበለጠ ይበትናቸዋል። የሚሠራው መንገድ ያሉት ክላሶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሥራ እንዲችሉ ማድረግ ነው።

ልካችን ትንሽ ጨዋታ ነው፦ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ሆነው ሁለት ሦስት ልጆች የሚሠሩት፣ በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 200 ሰው የሚገባበት። ትልልቆቹ ጉድለታቸውን በብዛት ይሸፍናሉ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ከነበረው 12 ሚሊዮን ከፋይ በ2015 ወደ 5.5 ሚሊዮን ወርዶም አልወደቀም። እናንተ ዘንድ ግን 50 ሰው ገብቶ ታንኩ (ለቡድኑ ምት የሚቀበለው) አራት ብቻ ከሆነ የዚያ ምሽት ጨዋታ አበቃ።

መጀመሪያ ቆጠራ

የተመዘገበ ሰው ብዛት ምንም አይነግራችሁም፤ ግማሹ አንድ ቀን ገብቶ የጠፋ ነው። የሚጠቅሙት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛ፣ በቀን የገባ ሰው፣ አንዱ አንዴ ብቻ ተቆጥሮ። ሁለተኛ፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ቅጽበት የተገኘው ከፍተኛ ቁጥር። ሦስተኛ፣ ካራክተር (የሚጫወቱበትን ገጸ ባሕርይ) ከፈጠሩት ውስጥ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ የገባው ከመቶ ስንት እንደሆነ። ሦስቱንም በክላስና በሚና ከፋፍላችሁ ያዙ። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት እዚያ 17:00 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህን የሚረሳ ሰው የምሽቱን ግርግር በቀን ይፈልጋል።

ከቁጥሩ ጎን አንድ የቀን መቁጠሪያ ዓምድ ጨምሩ። ጎጃም ውስጥ ሰው የሚጠፋበት የራሱ ወቅት አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ይሰበሰባል፣ ቤተሰቡን ሊያግዝ ገጠር የሚወርድ ተማሪ ብዙ ነው። የፈተና ሳምንት አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የፋሲካ ሰሞን አለ፣ መብራት የጠፋበት ምሽት አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ በሰንጠረዡ ላይ ካልተመለከተ ከዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ጥፋቱን ያን ሰሞን በወጣው የክላስ ለውጥ ላይ ይጥላል። የአንድ ሳምንት መውረድም አያስደነግጣችሁ። 40 ሰው ባለበት ጨዋታ ሦስት ጓደኛሞች አብረው መንደር ቢሄዱ ብቻ 7.5 ከመቶ ጠፋ ማለት ነው። የአራት ሳምንት መካከለኛውን ቁጥር ካለፈው አራት ሳምንት ጋር አስተያዩ።

ከዚያ የሚፈስበትን ቀዳዳ ፈልጉ። ክላሱን ትቶ በሌላ ክላስ እንደገና የጀመረ ሰው ችግሩ ከክላሱ ነው። ክላሱን ትቶ ጨርሶ የሄደ ሰው ግን ምናልባት የሸሸው ጨዋታውን ነው። ሁለቱን በአንድ ድምር የሚቆጥር ሰው የማያምመውን ክላስ ሲያክም ይከርማል።

የሚናው ስሌት

የተለመደው ቡድን አምስት ሰው ነው፦ ምት የሚቀበል አንድ ታንክ፣ የተጎዳውን የሚያድን አንድ ሂለር፣ ሦስት መቺ። አንድ ምሽት 48 ሰው ገባ እንበል፤ 4 ታንክ፣ 6 ሂለር፣ 38 መቺ። ስንት ቡድን ይወጣል? አራት ብቻ፤ ታንኩ አራት ስለሆነ። 20 ሰው ይጫወታል፣ 28 ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሰው ሦስት ምሽት ይታገሣል፣ በአራተኛው አይመጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት «ሰው ስላነሰ ቡድኑን እናሳንስ» ማለት ነው። ቡድኑን ወደ አራት ብታወርዱት (አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለር፣ ሁለት መቺ) ታንኩ አሁንም አራት ስለሆነ ቡድኑ አራት ነው፤ የሚጫወተው ሰው ግን ከ20 ወደ 16 ወረደ። መጠኑን መቀነስ የሚጠቅመው የጎደለው መቺ ሲሆን ብቻ ነው፣ መቺ ደግሞ ጎድሎ አያውቅም።

አሁን ከ38ቱ መቺዎች ስምንቱ ሥራ መቀየር የሚችሉ ይሁኑ፤ አምስቱ ወደ ታንክ፣ ሦስቱ ወደ ሂለር። 9 ታንክ፣ 9 ሂለር፣ 30 መቺ ሆነ። ዘጠኝ ቡድን ይወጣል፣ 45 ሰው ይጫወታል፣ የሚቀረው ሦስት ነው። አንድም አዲስ ሰው አልመጣም። ይህን ስሌት በራሳችሁ የምሽት 2 ሰዓት ቁጥር ሳትሠሩ ክላስ አትንኩ።

አራት ክላስ፣ ስምንት ሥራ

እስከ 200 ሰው ድረስ አራት ክላስ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል፦ ጋሻ ጃግሬና ፈረሰኛ ምት ይቀበላሉ ወይም ይመታሉ፤ ወጌሻና አዝማሪ ያድናሉ ወይም ይመታሉ። ወጌሻው ስብራት ጠግኖ አንዱን ሰው በአንዴ በብዙ ያነሣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው መላውን ቡድን በጥቂት በጥቂት ይመልሳል። ፈረሰኛው እየዞረ ምት ይስባል፣ ጋሻ ጃግሬው ቆሞ ይቀበላል። ሥራቸው አንድ፣ አሠራራቸው ግን ለየቅል ስለሆነ ወጌሻ ሲጠፋ አዝማሪ ይተካል። (ደብተራን አስማተኛ አድርጎ የሚያቀርብ አንድ ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም። የተሰለቸ ነገር ነው፤ የቅኔ ቤት ልጆች በሚጫወቱበት አገር ደግሞ ያስቀይማል። ተዉት።)

መምታት ብቻ የሚችል ክላስ አታስገቡ። «አዳኝ ይጨመር» የሚል ጥያቄ በየወሩ ይመጣል፤ ከገባ ግማሹ ሰው ወደዚያ ይሄዳል፣ ያ ግማሽ ደግሞ ሥራ መቀየር የማይችል ነው። ቀስት የሚወድ ሰው ለፈረሰኛው ቀስት ይሰጠው።

ሥራ መቀየር ነጻ ይሁን፤ ከውጊያ ውጭ፣ 10 ሰከንድ ቆሞ፣ ያለ ክፍያ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ ካራክተር ሁለት ሥራ መያዝን ሲፈቅድ 1000 ወርቅ ያስከፍል ነበር፤ ኋላ ግን ክፍያው ቀረ። ፋይናል ፋንታሲ 14 በአንድ ካራክተር ሁሉንም ሙያ ያስይዛል። ዜማውን ጨርሶ ቅኔ ሊቆጥር ዋሸራ የወረደ ተማሪ «ዜማህን አስረክብ» አይባልም፤ ተጫዋቹም ያለፈው ድካሙ አብሮት ይሂድ።

ክፍያው ከበሩ ሲባረር በመስኮት የሚገባው በልብስ በኩል ነው። ሂለር ለመሆን ሌላ ሙሉ ልብስ የሚያስፈልግ ከሆነ መቀየሩ ነጻ ቢሆንም ማንም አይቀይርም። በልብሱ ላይ «ማዳን» እና «ዳሜጅ» (የምት ኃይል) ብላችሁ አትጻፉ። «ብርታት» የሚል አንድ ቁጥር አድርጉና በተያዘው ሥራ መሠረት ወደ ማዳን ወይም ወደ ምት ይለወጥ። ለሁለተኛው ሥራ የሚለየው የጦር መሣሪያው ብቻ ይሁን።

ሂለር ለምን ይጠፋል

ሂለር የሚያንሰው ሰው ማዳን ስለማይወድ ይመስላል። መዝገቡን ስታዩ ግን አብዛኛው ወጌሻ ሌቨል 10 ሳይደርስ ነው የሚቀረው፣ ገና ማንንም ሳያድን። ሰው በሳሳበት ጨዋታ ጀማሪው አብሮት የሚሄድ ስለማያገኝ ብቻውን ያድጋል፤ ብቻውን ሲያድግ ደግሞ የማዳን ችሎታው አይገድልለትም።

በቁጥር እንየው። የሌቨል 8 አውሬ 600 ሕይወት አለው። ጋሻ ጃግሬው በሰከንድ 60 ይመታል፤ በ10 ሰከንድ ይጥለዋል። ወጌሻው በሰከንድ 25 ከመታ 24 ሰከንድ ይፈጅበታል። እስከ ሌቨል 10 ለመድረስ 200 አውሬ ይገደላል ብንል አንዱ በ33 ደቂቃ ሲጨርስ ሌላው 80 ደቂቃ ይደክማል። ወጌሻው ብቻውን ሲሆን ምቱን ወደ 45 አድርሱት፤ አንዱን በ13 ሰከንድ፣ ሁሉንም በ44 ደቂቃ ይጨርሳል። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን እምብዛም አይሞትም፤ ሚዛኑ ይኸው ነው። ከመቺው አንድ ተኩል ጊዜ በላይ የሚፈጅበት ማንኛውም ክላስ በሚቀጥለው ወር ይጠፋል ብላችሁ አስቡ።

ይህ ጭማሪ ከሁለት ሰው በላይ ያለበት ቡድን ውስጥ ሲገባ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወጌሻው እየመታም እያዳነም ሁለቱንም ይሠራል፣ መቺዎቹ «እኛን ምን ፈለጋችሁን» ይላሉ።

የታንክ እጥረት ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ኀፍረት። ታንኩ ሲሳሳት አምስቱም ይሞታሉ፣ ሁሉም ያዩታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዳንጀኖች (ቡድን አብሮ የሚዋጋባቸው ቦታዎች) መንገዳቸው አንድ ብቻ ይሁን፣ የጠላቶቹ አለቃ ከባድ ምት 3 ሰከንድ ቀድሞ መሬት ላይ ይታይ፣ ማን እንደተሳሳተ የሚያሳይ የዳሜጅ ሰንጠረዥ ከሌቨል 15 በታች አይውጣ።

ለጎደለው ሚና ጉርሻ መስጠት ይረዳል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ፣ ፋይናል ፋንታሲ 14ም ዳንጀን በሚመድብበት የየቀኑ ዕጣው ይህን ያደርጋሉ። ልኩን ግን ጠብቁ፦ 25 ከመቶ ተጨማሪ ሳንቲም፣ ሰልፉ ውስጥ ታንክ ዜሮ ሆኖ መቺ ከአምስት ሲበልጥ ብቻ። ሁልጊዜ የሚከፈል ጉርሻ ደመወዝ ይሆናል፤ ብትቀንሱት ኩርፊያ ነው።

ያለውን አለማፍረስ

ስታር ዋርስ ጋላክሲስ ከ30 በላይ ሙያዎች ነበሩት፤ ሰው እያቀላቀለ የራሱን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 በአንድ ማሻሻያ ዘጠኝ ክላስ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ብዙዎች ወር ከወር የሠሩት ካራክተር በአንድ ሌሊት ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቃቸው። ነባሩ ሰው ሄደ፣ ተጠብቆ የነበረው አዲስ ሰው አልመጣም፣ ጨዋታው በ2011 ተዘጋ። ሩንስኬፕ እ.ኤ.አ. በ2012 የውጊያ ሥርዓቱን ከሥሩ ሲቀይር ተመሳሳይ ቁጣ ገጠመው፤ እነሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት የድሮውን ጨዋታ ለብቻው መልሰው ከፈቱ፣ እስካሁንም ይሠራል።

ከስድስት ወደ አራት ክላስ የምታወርዱ ከሆነ የሚጠፋውን ክላስ አትሰርዙ፤ የሌላው ሁለተኛ ሥራ አድርጉት። ስሙ፣ መልኩና ሁለት ዋና ችሎታዎቹ ይቀጥሉ፣ ሌቨሉ እንዳለ ይሻገር። ምት ስትቀንሱም ስትጨምሩም በአንድ ጊዜ ከ5 ከመቶ አትለፉ፣ በሁለት ሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አትንኩ። በዚያ ፍጥነት ካልሄዳችሁ የትኛው ለውጥ ሰው እንዳስወጣ ከቁጥሩ መለየት አይቻልም።

ገበያ፣ ወንፈል፣ ኔትወርክ

ገበያ በየቀኑ አይቆምም፤ በየቀኑ ቢቆም ሻጭና ገዢ አይገናኙም ነበር። ከባዱን ሬይድ (ብዙ ሰው ተባብሮ የሚገጥመውን ውጊያ) በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ ክፈቱት፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት። በሌላው ቀን ሁለት ሦስት ሰው የሚጨርሰው ሥራ ይኑር። ሁለት ሰርቨር ካላችሁ ዛሬውኑ አንድ አድርጉ፤ ስም ሲጋጭ ባለፉት 90 ቀናት የገባው ስሙን ይያዝ።

ነባሩ ጀማሪውን እንዲረዳ ወንፈል ፍጠሩ። ሌቨል 30 የሆነ ታንክ የሌቨል 12 ቡድንን አንድ ዳንጀን ቢያሳልፍ አንድ ወንፈል ይጻፍለታል፤ በፈለገ ቀን ሲጠራ ከእነዚያ ልጆች የመጣለት ሁሉ ጉርሻ ያገኛል። ማጭበርበሪያው ግልጽ ነው፣ አንድ ሰው ሁለት አካውንት ከፍቶ ራሱን ይረዳል። በአይፒ አድራሻ ግን አትከልክሉ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዋይፋይም ሆነ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ለሁሉም አንድ አድራሻ ነው የሚያሳየው፣ 40 ንጹሕ ሰው አብሮ ይታገዳል። ይልቅ ሁለት ካራክተሮች እርስ በርስ በሳምንት ከሁለት ወንፈል በላይ እንዳይጻፋፉ ገድቡ።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቀድሞ የሚወቀሰው ሂለሩ ነው። ከአንድ ችሎታ ወደ ቀጣዩ መጠበቂያው 2.5 ሰከንድ ይሁን፤ የፋይናል ፋንታሲ 14 መነሻ ይኸው ነው፣ ትንሽ መዘግየትም ያን ያህል አይጎዳውም። ሰው ሲቋረጥ ቦታው ለ5 ደቂቃ ይጠበቅለት፣ እስኪመለስ ካራክተሩን ማሽኑ ይያዘው። ማሽኑ ግን ከሰው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ያድን። ሰውን ካከለ ተጫዋቾች መፈላለግ ያቆማሉ፤ ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር አምስቱም ይሞታሉ፣ ቀጥሎም ሂለሩ በቻቱ ላይ ይሰደባል፣ በማግሥቱም መቺ ሆኖ ይገባል።