«እንደ አምናው አድርጉልኝ» እና ሌሎች የመኪና መድን ስህተቶች

የመኪና መድን ውል በሚታደስበት ጊዜ ደንበኞች ዘወትር የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «እንደ አምናው አድርጉልኝ» የሚል። በካሣ ክፍል ለሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ዓረፍተ ነገር የለም። አምና የተጻፈው የመኪናው ዋጋ ዘንድሮ ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ሊያንስ ይችላልና። በተለይም ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ፣ ብዙ ባለንብረቶች አረቦኑ (ለመድን የሚከፈለው ገንዘብ) እንዳይጨምርባቸው ሲሉ ወይም ጉዳዩን ከነአካቴው ሳያስቡት የቆየውን ቁጥር ይዘው ቀጥለዋል።

ብዙ ሰው ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ የሚጎዳው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ ይመስለዋል። «አደጋው ትንሽ ከሆነ ግን ከተጻፈው ዋጋ በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ይላል። ይህ ስሌት ፍጹም የተሳሳተ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ መጠን መድን ከተገባለት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ባለንብረቱ ለልዩነቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል። በገበያ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,200,000 ብር ቢጻፍ ሽፋኑ 60 በመቶ ብቻ ነው። የጥገናው ወጪ 300,000 ብር ቢሆን ኩባንያው የሚሸፍነው 180,000 ብር ነው፤ ተቀናሹም (ከእያንዳንዱ ጉዳት በባለመኪናው ላይ የሚቀረው ድርሻ) ከዚያው ላይ ይነሣል። ቀሪውን 120,000 ብርና ተቀናሹን የሚሸፍነው ባለመኪናው ነው።

አንድ ደንበኛ ከዐይኔ አይጠፋም። ኮሮላው በዝናብ ተንሸራቶ የመንገድ አካፋይ መትቶ ኮፈኑ፣ አንዱ ፓራፋንጎና የፊት መብራቱ ተሰባብሮበት ነበር። ከጋራዦች ያሰባሰባቸውን ፕሮፎርማዎች ዘርግቶ፣ አነስተኛውን ዋጋ የሰጠውን እንደሚመርጥና በዚያው ቀን ሥራው እንዲጀመር እንደሚፈልግ ነገረን። ገማቹ (ጉዳቱን አይቶ ወጪውን የሚተምነው ባለሙያ) በወረቀቱ ጀርባ ላይ ስሌቱን ሲያሳየው ሰውየው አልተቆጣም፤ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ፣ «ታዲያ ስታድሱልኝ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ውል የሚያድስ ሠራተኛ የመኪናውን ወቅታዊ ዋጋ ሳይጠይቅ የቀድሞውን ቁጥር ሲገለብጥ ደንበኛውን እየበደለ ነው። ነገር ግን ውሉን የሚፈርመው ባለመኪናው ስለሆነ፣ በየዓመቱ ከማደሱ በፊት ተመሳሳይ ሞዴልና የሥሪት ዘመን ያለው መኪና ስንት እንደሚሸጥ ጠይቆ ዋጋውን ማስተካከል የእሱ ሥራ ነው። ዋጋን ከገበያው በላይ ማስጻፍም አይጠቅምም፤ ካሣ ከደረሰው ጉዳት ስለማይበልጥ ትርፉ አረቦን በከንቱ መክፈል ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሦስተኛ ወገን ሽፋን የራስን መኪና ያስጠግናል ብሎ ማመን ነው። አያስጠግንም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ እንዲኖረው የሚገደደው ይህ ሽፋን በሌላው ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ከዚህም የሚከፋው ሽፋኑ ጣሪያ እንዳለው መዘንጋት ነው። አዋጁ ሲወጣ ጣሪያው ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር ነበር፤ ዛሬ በእርስዎ ውል ላይ የሚሠራውን መጠን ከኩባንያው በጽሑፍ ይጠይቁ። ውድ መኪና የገጨ ሰው ከጣሪያው በላይ ያለውን ከኪሱ ይከፍላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ያደረሰው ጉዳት ኃላፊነት ባለቤቱን ይከተለዋል፤ ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ጣሪያውን ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ሽፋን ከዋናው አረቦን ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ውድ ስላልሆነ፣ በአዲስ አበባ ለሚያሽከረክር ሰው እኔ ሁልጊዜ እመክረዋለሁ።

«ሙሉ ሽፋን» የሚባለውም ሁሉን አይሸፍንም። ከሕዝባዊ ሁከት፣ ከሽፍታና ከታጣቂ ጥቃት የሚመጣ ጉዳት በመደበኛው ውል ውስጥ አይገኝም፤ ለብቻው ተጠይቆ፣ አረቦኑ ተከፍሎ መጨመር አለበት። ከከተማ ወጥተው የሚሠሩ የአይሱዙና የከባድ መኪና ባለቤቶች ይህን ሳይጠይቁ ሲፈርሙ ማየት ያሳስበኛል። የስፖኪዮና የመብራት ስርቆትም እንዲሁ በውሉ ውስጥ ስለመጻፉ መታየት አለበት።

መኪናን ለተጻፈለት አገልግሎት ብቻ አለመጠቀም ካሣን የሚያሳጣ ዋና ምክንያት ነው። በግል አገልግሎት የተመዘገበ ቪትዝ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ ሲያመላልስ አደጋ ቢደርስበት፣ ኩባንያው ክፍያ ለመከልከል የውል ድጋፍ አለው። የሥራው ዓይነት ሲለወጥ አስቀድሞ ማሳወቅና የአረቦኑን ልዩነት መክፈል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የመንጃ ፈቃዱን ያላደሰ ወይም ደረጃው ለተሽከርካሪው የማይመጥን ሾፌር ስለማስነዳት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ተቀናሽ የሚባለው የእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያ ድርሻ በባለመኪናው ላይ የሚቀርበት ስምምነት ነው። ብዙ ጊዜ በመቶኛና በዝቅተኛ የብር መጠን ስለሚጻፍ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። በአንዳንድ ውሎች ሾፌሩ ወጣት ወይም አዲስ ሲሆን ከፍ ይላል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሠራ አንድ ስህተት ግን ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል፤ በመንገድ ዳር መታረቅ። ልማዳችን መልካም ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሽማግሌ ሆኖ ይገባል፣ ሁለቱ ሾፌሮች ይጨባበጣሉ፣ መንገዱም ይከፈታል። ነገር ግን ጥፋተኛው ያልሆነ ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ካሰናበተ በኋላ ወደ ኩባንያው መጥቶ ካሣ ሲጠይቅ ችግር ይፈጠራል። ኩባንያው ለደንበኛው ከከፈለ በኋላ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ደንበኛው ያንን መብት በይቅርታ ከሰረዘው ኩባንያው ማንን ይጠይቅ? በሌላ በኩል ጥፋተኛው ሰው ኩባንያውን ሳያማክር «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሁሉንም እከፍላለሁ» ብሎ ቢፈርም፣ ያ ፊርማ ኩባንያውን ላያስገድድ ይችላል። ስለዚህ መጨባበጡ ይቅደም፣ የትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፤ የሁለቱም ወገን የሰሌዳ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድና የመድን ሰርተፊኬት በፎቶ ይያዝ፤ ስለ ገንዘብ ግን ምንም አይፈረም። የተጎዳ ሰው ካለ ከወረቀት ሁሉ በፊት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

አደጋውን ለኩባንያው ሳይዘገዩ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ነው። ገማች ሳያየው መኪናውን ማስጠገንና የተቀየሩትን ዕቃዎች መጣል የጉዳቱን ማስረጃ በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

መኪና በውክልና የገዛ ሰው ደግሞ ሊብሬውም የመድን ውሉም በሻጩ ስም እንደቀሩ ሳይታወቀው ዓመት ያልፋል። አደጋ ሲደርስ ሻጩ ውጭ አገር ሊሆን ወይም ስልኩ ላይሠራ ይችላል፤ ካሣው ግን በውሉ ላይ ላለው ስም ነው የሚጻፈው። ግዢው በተፈጸመበት ሳምንት ሁለቱም ወገኖች ኩባንያው ዘንድ ቀርበው የስም ለውጡን ማስመዝገብ አለባቸው።

ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ኬንያ የሚሻገር ሾፌር የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን ሽፋን ከድንበር እንደማያልፍ ይወቅ፤ ከመነሣቱ በፊት የኮሜሳ ቢጫ ካርድ (ከድንበር ማዶ የሚሠራ የሦስተኛ ወገን መድን ማረጋገጫ) ከኩባንያው መውሰድ አለበት። ክፍያ የተከለከለበት ሰው ደግሞ የእምቢታውን ምክንያት በደብዳቤ ይቀበል፤ ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ በቃል ምልልስ ጊዜውን አያሳልፍ።