የሮንዶን ታሪክ ስትፈልጉ የምትሳሳቱት

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ያላችሁ፣ ናይንቲ ፎር የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዛችሁ ከሚኒያፖሊስ ስትመጡ፣ የሌክሲንግተንን መንገድ አልፋችሁ ወደ ዴል መንገድ ስትጠጉ፣ የምትነዱት የሰው ሳሎን፣ ፀጉር ቤትና ግሮሰሪ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሮንዶ ይባል ነበር፤ የከተማዋ ጥቁሮች ሰፈር። ከ1956 እስከ 1968 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አውራ ጎዳናው መሃሉን ሰንጥቆ አለፈ። ከ600 በላይ ጥቁር ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ።

ልጆቻችሁ ይህን ታሪክ ለትምህርት ቤት ጥናት ይዘው ቢመጡ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ ጉዳዩ ቢይዛችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ።

አንደኛው ታሪኩን ከዶዘሩ መጀመር ነው። ሁሉም ሰው እዚያ ነው የሚጀምረው። ፓስተር ጆርጅ ዴቪስ አልወጣም ብለው ፖሊስ በ1956 ከቤታቸው ያስወጣቸው ታሪክ እውነትም ልብ ይነካል። ግን ሰፈሩ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ኖሯል። ሃሊ ኪው ብራውን የተባለው የማኅበረሰብ ማዕከል የተቋቋመው በ1929 ነው። ሰው እዚያ ይማራል፣ ይዝናናል፣ ይጣላል፣ ይጋባል። እሱን ካላገኛችሁ የያዛችሁት የአንድ መንገድ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ዛሬ ባለው ካርታ መፈለግ ነው። እኔ ራሴ አንድ ከሰዓት ሙሉ ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሮንዶ አቬኑ የሚባል መንገድ ከካርታው ጠፍቷል፤ በቦታው የምታገኙት ኮንኮርዲያ የሚል ስም ነው። ይልቅ የድሮ የእሳት መድን ካርታ አውጡ፤ ሳንቦርን ይባላል። የእንጨት ቤት ቢጫ፣ የጡብ ቤት ሮዝ ተቀብቶበታል፤ መኖሪያው ላይ ዲ፣ ሱቁ ላይ ኤስ ተጽፏል። ከዚያ አንድ ብሎክ ብቻ ምረጡና ወረቀት ላይ ሳሉት። ለእያንዳንዱ በር አንድ ሳጥን። ቀጥሎ የ1950ው የሕዝብ ቆጠራ ነው። ቆጠራ ለ72 ዓመት ስለሚዘጋ ይኸኛው የተከፈተው በ2022 ነው፤ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት የመጨረሻው እሱ ነው። ቅጹ ላይ የመንገዱ ስም በግራ በኩል ወደ ጎን ተጽፏል፤ ከሱ ቀጥሎ የቤት ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ። በስም አትፈልጉ፣ በአድራሻ ፈልጉ። ቆጣሪው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ የኛን ስም እዚህ አገር ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉት ታውቁ የለ። የሥራውን ዓምድ ቁልቁል ስታነቡት ባቡር፣ ባቡር፣ ባቡር ይላችኋል። ብዙ ወንዶች የሚሠሩት እዚያ ነበር።

ደግሞ የዚያን ዘመን የመንግሥት ሰነድ ላይ «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ ስለተጻፈ አትመኑ። ማን ጻፈው? ለምን? ሌላ መስመር እኮ ነበረ። ጆርጅ ሄሮልድ የተባሉ የከተማዋ መሐንዲስ መንገዱ በሰሜን በኩል የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ እንዲሄድ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም።

የሰፈሩን አዛውንቶች ስታነጋግሩ ስልክ ደቅናችሁ «ስለ መፈናቀሉ ይንገሩኝ» አትበሉ። ይህን መቶ ጊዜ ተጠይቀዋል፣ የሚመልሱትም የለመዱትን ነው። ያችን የሳላችሁትን ብሎክ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና «እዚህ ጥግ ላይ ማን ነበር?» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። አሜሪካ ነው ብላችሁም ትልቅ ሰው በደረቁ በስሙ አትጥሩ፤ እነሱም ዘንድ «ሚስ» እና «ሚስተር» እንደኛ «እትዬ» እና «ጋሼ» ነው። ፎቶ ካሳዩአችሁ እዚያው በስልካችሁ አንሱት እንጂ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሰፈሩን አንድ ወጥ አድርጎ መሳልም አለ። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከዴል በስተ ምዕራብ ያለውን፣ ደህና ገቢ ያለውን ወገን «የአጃ ኮረብታ»፣ በስተ ምሥራቅ ያለውን «የበቆሎ ዱቄት ሸለቆ» ይሉት ነበር። ቀልድ ነው፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ነገር አለ። ካሳው ሲመጣም ባለቤትና ተከራይ አንድ ዓይነት አልተነኩም። ለተነሺዎች እርዳታ የሚያስገድደው ሰፊው የፌደራል ሕግ የወጣው በ1971 መጀመሪያ ላይ ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ።

የመጨረሻው፣ ሁሉም ነገር ጠፍቷል ብሎ ማሰብ። ከንቲባው በ2015 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ በ2018 መታሰቢያ አደባባይ ተከፍቷል። ከሁሉም በላይ ግን ከ1983 ጀምሮ «የሮንዶ ቀናት» የሚባል የበጋ በዓል አለ፤ የሰፈሩ ልጆች ልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያችን ብሎክ ይዛችሁ ሂዱ። በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ የተሳለች ትሁን፣ ብዙ ያርሙላችኋል።