የስዕል ግድግዳችን እርጥበት እንዴት ቆመ

ለዓመታት ተዘግቶ የኖረውን ሕንፃ የሰፈሩ የጥበብ ቤት ካደረግነው ወዲህ፣ እንቅልፍ የነሳን የአንዱ ግድግዳ እርጥበት ነበር። ወረቀት ላይ የተሠሩ ስዕሎች ይጨማደዳሉ፣ ጀርባቸውም ይሻግታል። ቀለም ደጋግሞ መቀባት አይፈይድም፤ ውሃው ያለው ከውስጥ ነውና።

ምንጩ የተሰበረ አሸንዳ ነበር። ያባባሰው ደግሞ በኖራ በተገነባው አሮጌ ጡብ ላይ ኋላ የተለሰነው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ኖራ ግን ያስወጣዋል። አሸንዳውን ጠግነን፣ ሲሚንቶውን በጥንቃቄ ፍቀን፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ታገስን (ወፍራም ግድግዳ ወራት ይፈልጋል፤ ማስቸኮል አይቻልም)። ከዚያ በኖራ ለሰንነው።

አሁን ስዕሎቹን የምንሰቅለው ከኋላቸው አየር እንዲያልፍ በእንጨት ቁራጭ ከግድግዳው አራርቀን ነው። የእርጥበት መለኪያው ከ60 በመቶ ሲያልፍ፣ ውጭው ደረቅ ከሆነ መስኮት እንከፍታለን።