አትላንታ ለመጣ እንግዳ የኮካ ኮላን ታሪክ በእግር ማሳየት

ዘመድ ሲመጣብኝ ቀጥታ የኮካ ኮላ ሙዚየም አልወስድም። እናንተም በከተማው ባቡር በማርታ ፋይቭ ፖይንትስ ጣቢያ ውረዱ። የጄከብስ ፋርማሲ እዚህ ነበር። በፈረንጆች 1886 የኮካ ኮላ ፈጣሪ የጆን ፔምበርተን ሽሮፕ ከሶዳ ጋር እየተቀላቀለ፣ አንዱ ብርጭቆ በ5 ሴንት መሸጥ ጀመረ። ፋርማሲው ዛሬ የለም። ኮካ ኮላ የሚለውን ስም ያወጣውና ያንን የተጠማዘዘ ጽሑፍ የጻፈው ግን የፔምበርተን የሒሳብ ሠራተኛ ፍራንክ ሮቢንሰን መሆኑን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። ብዙ ሰው አያውቅም።

ከዚያ በፒችትሪ መንገድ ሽቅብ ሂዱ። ካንድለር ሕንጻ ጋ ቁሙ፤ አሁን ሆቴል ሆኗል። ፔምበርተን በ1888 ሞተ፤ ሀብቱን ያየው የመጠጡን መብት የገዛው ኤሳ ካንድለር ነው። ኩባንያውን በ1892 አቋቋመ። ታዲያ ይሄ ብልጥ ነጋዴ በ1899 በአብዛኛው አሜሪካ በጠርሙስ የመሸጡን መብት ለቻተኑጋ ከተማ ጠበቆች በ1 ዶላር ሰጠ! ጠርሙስ ያዋጣል ብሎ አላመነም። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ጠርሙሱን ሌሎች በየአካባቢያቸው ሲሞሉ፣ ኩባንያው ሽሮፑን እየሸጠ ዓለምን አዳረሰ።

ሙዚየሙ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቲኬት ቀድማችሁ በኦንላይን ቁረጡ፤ ቅዳሜን ተዉት። የመቅመሻው ክፍል መጨረሻ ይሁን፤ ልጆች ከገቡ አይወጡም። ቤቨርሊ የተባለውን የጣሊያን መጠጥ ግን ለአጎታችሁ ሳትነግሩ አቅምሱት። እሬት ነው።