ለአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ ከድሬና ከሐረር ለምትወጡ፦ ቤቱን ለማን፣ ወረቀቱን ለማን፣ ሲም ካርዱን ለማን?

በተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም፣ በአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃድ ወይም በሌላ ድርጅት በኩል ማላዊ፣ ዛምቢያ ወይም ሴራሊዮን ልትሄዱ ነው እንበል። ከመነሳታችሁ በፊት የምትጠይቁት ስለ ቪዛ፣ ስለ ክትባትና ስለ ሻንጣ ኪሎ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ «ቤቴ ውስጥ ማን ነው ያለው? ኪራዩስ የት ገባ?» ይሆናል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለዚህኛው ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንጨርሰው። የቢጫ ወባ ክትባት ከምትገቡበት ቀን ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ አይታደስም። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ያየ ሰው «እኛ ጋም ያለ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ፤ ማላዊና ሴራሊዮን ያለው ወባ ከዚያ በብዙ ይከፋል። ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ካዘዘላችሁ ከመድረሳችሁ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀመራል፣ ከአገሩ ከወጣችሁ በኋላም 4 ሳምንት ይዋጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ክኒኑን ይተወዋል፣ በሽታው ግን ተከትሎት ይመጣል። ማላዊ ሐይቅ ሲያዩት ንጹሕ ነው፣ ቢልሃርዚያ ግን አለበት። ሦስቱም አገሮች ሶኬታቸው ባለ ሦስት ወፍራም እግር የእንግሊዝ ስለሆነ መቀየሪያ ያዙ። ማላዊና ዛምቢያ መኪናው በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። የመጀመሪያው አበል እስኪደርስ የምትኖሩበትን ገንዘብም ይዛችሁ ሂዱ፤ የብር ኖት እዚያ የሚመነዝርላችሁ የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ።

ቤተሰብ ጆሮ ውስጥ የሚገባው «ውጭ ሄደች»፣ «ውጭ ሄደ» የሚለው ብቻ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚከፈለው የመኖሪያ አበል እንጂ ደመወዝ እንዳልሆነ፣ ያም ቤት ኪራይና ምግብ ሸፍኖ የሚያልቅ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ይህን ሳታስረዱ ከሄዳችሁ፣ ኪራይ የሚሰበስብላችሁ ወንድም «እሱ ዶላር እየተከፈለው ለዚህች ብር አይጨነቅም» ብሎ ያስባል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከልቡ ስለሚያምን ነው። የአብዛኛው ጠብ ሥሩ ይህ እምነት ነው። ስለዚህ ውላችሁን አውጡና ለእናት፣ ለታላቅ፣ ለታናሽ አሳዩ። አበሉን በብር አስልታችሁ ንገሩ። ከዚያ ላይ በወር ምን ያህል መላክ እንደምትችሉ፣ ካልቻላችሁም እንደማትችሉ፣ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ባለበት ይነገር። በኋላ በስልክ የሚነገር እምቢታ ኩራት ይመስላል።

ቀጥሎ ውክልና። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፦ ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅ፣ ፍርድ ቤት መክሰስና መከራከር በአንቀጽ 2205 ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ሕጉ ጠብቋችሁ ነበር። አደጋው ያለው ራፖር ጸሐፊው ጋ በተዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ነው፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ስጦታ እንዲሰጥ፣ ሌላ ሰው እንዲወክል» እያለ ልዩ ሥልጣኑን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሰው ለአውሮፕላን እየተጣደፈ ሳያነብ ይፈርማል። እነዚያን ቃላት አስወጡ። ጸሐፊው ያለ እነሱ አይሆንም ካላችሁ ቀይሩት።

በምትኩ የሚከተለው ይግባ። የቤቱ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥርና የካርታ ቁጥር። ውክልናው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ የጥገና ወጪ፣ በብር። ኪራዩ በቀጥታ ወደ እናንተ የባንክ ሂሳብ እንደሚገባ፣ ተወካዩም ከሂሳቡ ማውጣት እንደማይችል። ሌላ ሰው መወከል እንደማይችል። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ድሬ ላይ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ቤትን ለማከራየትም ለመሸጥም የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ከመውጣታችሁ በፊት ድሬ በሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ፣ ሐረር በክልሉ በኩል ጨርሱት። ከውጭ ሆናችሁ ልስጥ ካላችሁ መጀመሪያ ኤምባሲ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ እንደገና ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። ያላችሁበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ከሌለ ደግሞ አገሩን ደርቦ የያዘው ኤምባሲ ሌላ አገር ዋና ከተማ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ወረቀቱ ይህ ነው። የሚከብደው ሰው መምረጡ ነው።

ጉዳዩ የሚጀምረው በትንሹ ነው። ተከራይ ይወጣል፣ ቤቱ ለአንድ ወር ባዶ ይሆናል። የአክስት ልጅ «ባዶ ቤት ሌባ ይጠራል፣ እያደርኩ ልጠብቀው» ይላል። እናንተም ሩቅ ናችሁ፣ ደግ ነገር ነው ትላላችሁ። ጥቂት ቆይቶ ሚስትና ልጆች ይመጣሉ። ጓሮ ላይ አንድ ክፍል ይሠራል፣ «ለቤቱ ብዬ ነው» ይባላል። ተመልሳችሁ ልቀቅልኝ ስትሉ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ «አንተ ውጭ ነበርክ፣ እሱ ደግሞ ቤትህን ጠብቋል፣ ልጆች አሉት፣ የሠራበትን ክፈለው» ብለው ይፈርዳሉ። ሽማግሌ የሚፈርደው ባየው ላይ ስለሆነ አይወቀስም፤ ያየው ደግሞ ቤት የጠበቀ ዘመድና ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህ ዘመድ ቤት ውስጥ ከገባ ለአንድ ወርም ቢሆን ወረቀት ይጻፍ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በነጻ ወይም በስንት፣ ምንም ግንባታ እንደማይሠራ፣ ሁለት ምስክር ፈርመውበት። «አቦ፣ በእኔና ባንተ መሀል ወረቀት ምንድን ነው?» ይላችኋል። እንዲያ ቢልም ጻፉ። ወረቀቱ በኋላ ሽማግሌ ፊት የሚነበብ ስለሆነ ለእሱም ይጠቅመዋል፤ ያልተስማማበትን እንዳይጠየቅ ያድነዋል።

ንብረት የሚጠፋበት ሁለተኛው መንገድ የሸቀጥ ነው። ኪራይ በእጁ የሚገባለት ሰው «ገንዘቡ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ሸቀጥ ገዝቼበት ላዟዙረው» ይላል። ገበያ ውስጥ በእምነት ገንዘብ መቀባበል የተለመደ ነውና ነውር አይመስለውም። ሸቀጡ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ ኬላ ላይ ሲያዝ ግን የጠፋው የእናንተ የወራት ኪራይ ነው። ሰውየውም በልቡ ሌባ አይደለም፤ ከስሮ ነው። ከከሰረ ዘመድ ጋር ክስም እርቅም ከባድ ነው፤ የሚከፍለው የለውም፣ እናንተም እናታችሁ ፊት ልታስሩት አትችሉም። ለዚህ ነው ኪራይ በተወካይ እጅ ጨርሶ ማለፍ የሌለበት።

ማን ይሁን? የራሱ ቤትና የራሱ ገቢ ያለው። ዕዳ የሌለበት። ሲያስፈልግ እናንተን የሚቃወም፤ ሁሉን «እሺ፣ ችግር የለም» የሚል ሰው ጣሪያው ሲያፈስም «ችግር የለም» ይላል። በጣም የተቸገረውን ዘመድ «እንዲያውም ይጠቀምበት» ብላችሁ አትምረጡ፤ መርዳት ከፈለጋችሁ ገንዘብ ስጡት እንጂ ቤታችሁን በእጁ አታስገቡ። የድካሙን ዋጋ በግልጽ ክፈሉ፤ ከኪራዩ 10 በመቶ በወሩ መጨረሻ ብትልኩለት እሱም በድብቅ ለራሱ አይቆርጥም፣ እናንተም ለመጠየቅ አፍ ይኖራችኋል።

ሁሉንም ለአንድ ሰው አትስጡ። ቁልፉና ውክልናው ለአንዱ፤ ዋናው ካርታ ለሌላ፣ በቤቱ ላይ ውክልና ለሌለው ሰው፤ ገንዘቡ ለባንክ። ተወካዩ የካርታውን ኮፒ ይያዝ፣ ይበቃዋል። ሦስተኛ ሰው ደግሞ በሦስት ወር አንዴ ሄዶ ቤቱን ይይ፤ የእድር ዳኛ ወይም ሐረር ከሆናችሁ የአፎቻችሁ (የመረዳጃ ማኅበራችሁ) አባል ይሁን። እድርም አፎቻም መዋጮው እንዳይቋረጥ አስቀድማችሁ ክፈሉ። ያለበለዚያ ቤተሰብ ላይ ኀዘን ሲመጣ እናንተ የላችሁም፣ ድንኳኑም የለም።

ስለ ኪራዩ አንድ ነገር እወቁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 በሚሠራበት ከተማ፣ ድሬን ጨምሮ፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዝቅተኛ ዘመኑ 2 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው። የእናንተ አገልግሎት ግን 12 ወር ነው። «ለአንድ ዓመት አከራይቼ ስመለስ እገባለሁ» የሚለው ስሌት እዚህ ላይ ይሰበራል። ከመፈረማችሁ በፊት ቤቶችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ያላችሁበትን ሁኔታ አስረዱ፣ የተባላችሁትንም በጽሑፍ ያዙ። ስትመለሱ ቤቱ ወዲያው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሁለቱን ክፍል አከራይታችሁ አንዱን ዕቃ ማስቀመጫ ብላችሁ መያዝ ይሻላል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ማከራየትን ጨርሶ አታስቡት፤ ለሌላ ሲተላለፍ ከተገኘ ቤቱን ልታጡ ትችላላችሁ።

ጀጎል ውስጥ የጥንት ቤት ያላችሁ ሌላ ጭንቀት አለባችሁ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። ተወካዩ ግን ግድግዳው ሲላጥ ከደግነት ተነስቶ በሲሚንቶ ያስለስነዋል። ድንጋይና ጭቃ ግድግዳ መተንፈስ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። በውክልናው ላይ «ጥገናው በኖራና በጭቃ ብቻ» ብላችሁ ጻፉ። ጣሪያው አፈር ከሆነ ክረምት ሳይገባ መጠቅጠቁን በፎቶ አረጋግጡ።

ሲም ካርድ ላይ ሰው እጅግ ይዘናጋል። «ቁጥሬ እንዳይዘጋ» ተብሎ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል። የባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ቴሌብሩ፣ የፋይዳው ኮድ የሚመጡት በዚያች ሲም ነው፤ እሷን የሰጠ ሰው የባንክ ሂሳቡን በር ከፍቶ ሰጥቷል። ሲማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሳትወጡ ሮሚንግ አስከፍቱ፣ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ አስቀምጧት፣ የእዚያን አገር ሲም ደግሞ በሌላኛው። ከውጭ ካርድ እየሞላችሁ አንቀሳቅሷት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች ትዘጋለች፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌብር ላይ ያለውን ገንዘብ ወደ ባንክ አዙሩ። ፋይዳ ያልተመዘገበ ሰው ሳይመዘገብ አይውጣ፤ አሻራና የዓይን ምስል በአካል ነው የሚወሰደው፣ ወንድም ሊሄድላችሁ አይችልም።

ማላዊ ወይም ዛምቢያ የምትሄዱ የሚቀጥለውን ደጋግማችሁ አንብቡ። እነዚህ አገሮች ወደ ደቡብ አፍሪካ በሕገወጥ መንገድ የሚሻገሩ ወገኖቻችን መተላለፊያ ናቸው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የኢትዮጵያውያን አስከሬን በጅምላ ተቀብሮ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሉሳካ አጠገብ 27 ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ፊት ያየ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። የፓስፖርታችሁንና የፈቃዳችሁን ኮፒ፣ የድርጅቱን ደብዳቤና የኃላፊያችሁን ስልክ ሁልጊዜ ኪሳችሁ ያዙ።

ከዚያ ደግሞ ከአገር ቤት ስልክ ይመጣል፦ «የእገሌ ልጅ በዚያ ያልፋል፣ ለሁለት ሌሊት አሳድሪው»፤ ወይም «ለሚያደርሰው ሰው እዚያ ገንዘብ ስጪልን፣ እኛ እዚህ ለእናትሽ እንሰጣለን።» የሚደውለው የምታከብሩት ሰው ነው፣ ልጁንም ታውቁት ይሆናል። ሁለቱንም እምቢ በሉ። ሰው ማሻገር በእኛም በአዋጅ 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው። ያሳደረና ገንዘብ ያቀባበለ ሰው «አላወቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም፤ ልጁንም ወደ ምዚምባው መንገድ ከሚሰዱት አንዱ ሆኗል። ከመሄዳችሁ በፊት፣ ያው ቡና ላይ፣ ይህንንም ለቤተሰብ ንገሩ። ልጁ ቀድሞ መንገድ ላይ ከሆነ የኤምባሲውንና የዓለም አቀፉን የስደተኞች ድርጅት አድራሻ ስጡት፤ ወደ አገሩ መመለስ ለሚፈልግ ድርጅቱ ይረዳል።

ውክልናውን መሻር ካስፈለጋችሁ በማንኛውም ጊዜ ትችላላችሁ፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። ለተወካዩ በስልክ «ከዛሬ ጀምሮ ተው» ማለት ግን መሻር አይደለም፤ ወረቀቱ እጁ ላይ እስካለ ድረስ የሚያየው ሁሉ ያምነዋል። መሻሪያው ውክልናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይመዝገብ። ኮፒው በዚያው ቀን ለመሬት አስተዳደር፣ ለቀበሌው፣ ለባንኩና ለተከራዩ ይድረስ፣ እያንዳንዱም ተቀብያለሁ ብሎ ማኅተም ያድርግበት። ይህን ከማላዊ ሆኖ ማድረግ ስለሚያስቸግር ከመውጣታችሁ በፊት ለዚህ ሥራ ብቻ፣ ማለትም ያንን ውክልና ለመሻርና መሻሩን ለማሳወቅ ብቻ፣ ለሌላ ለምታምኑት ሰው ጠባብ ውክልና ስጡ። ካርታውን የሚይዘው ሰው ይህንንም ቢይዝ ጥሩ ነው።